ሌሊት ሌሊት የሚብስ ማሳከክ፦ እከክ ይሆን እንዴ?

እንቅልፍ_ያጣች፦
ሰላም ለሁላችሁም። ይህን ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ሦስት ቀን አመነታሁ። ነገሩ የጀመረው በአራት ዓመቱ ልጄ ነው። ከወር በላይ ሆኖታል። መጀመሪያ ሆዱ ላይ ትንንሽ ቀያይ ሽፍታ ወጣበት። ቀን ደህና ይውላል። ማታ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገብቶ ሲሞቀው ግን ማከክ ይጀምራል። እያለቀሰ ያክካል። ሐኪም ጋ ወሰድኩት፤ አለርጂ ነው ተባልኩና ቅባት ተሰጠን። አራት አምስት ቀን ቀለል አለው። ከዚያ ግን ሰውነቱን ሁሉ አዳረሰው።

አሁን ደግሞ እኔን ጀመረኝ። በጣቶቼ መሃል፣ ወገቤ ዙሪያ፣ ጡቴ አካባቢ። ሳሙና ቀየርኩ፣ የልብስ ሳሙናም ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ባለቤቴ ግን ምንም የለበትም።

ትናንት እህቴ «እከክ እንዳይሆን» አለችኝ። በጣም ደነገጥኩ። እኛ በየቀኑ እንታጠባለን፤ ቤታችንም ንጹሕ ነው። እንዴት እከክ ይይዘናል? የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ከተኛ ሰንብቷል።

መድኃኒት_ቀማሚ፦
እህቴ፣ አይዞሽ። የምሠራው መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። እንዲህ ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙ አያለሁ። ሳላይሽ በጽሑፍ ብቻ «እከክ ነው» ልልሽ አልችልም። ግን ያልሻቸው ነገሮች አንድ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ሌሊት ይብሳል። ከአንድ ሰው ወደ ሌላው ተሻግሯል። ቦታውም የጣት መሃል፣ ወገብና ጡት አካባቢ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ከልብሽ አውጪ። እከክ የሚመጣው ከቆሻሻ አይደለም። የምታመጣው ስምንት እግር ያላት፣ ከመዥገር ጋር የምትዛመድ ደቃቃ ተባይ ናት። ርዝመቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሴቷ በላይኛው የቆዳ ሽፋን ውስጥ ቦይ እየቆፈረች ትሄዳለች። በቀን ሁለት ሦስት እንቁላል ትጥላለች። ከአንድ እስከ ሁለት ወር ትኖራለች። እንቁላሉ በሦስት በአራት ቀን ይፈለፈላል፤ በሁለት ሳምንት ገደማ አድጎ እሱም በተራው ይራባል። በቀን አሥር ጊዜ ብትታጠቢ ውኃና ሳሙናው እዚያ አይደርስባትም።

የምትተላለፈው ቆዳ ከቆዳ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ሲነካካ ነው። አብሮ መተኛት፣ ልጅ ማቀፍ፣ የፍቅር ግንኙነት። አትዘልም፣ አትበርም። ለሰላምታ ያህል እጅ በመጨባበጥ መያዝ እምብዛም አያጋጥምም።

የባለቤትሽ ነገር ግን አሳስቦኛል። የሚያሳክከው ንክሻው አይደለም። ሰውነት ለተባይዋ፣ ለእንቁላሏና ለኩሷ የሚሰጠው የአለርጂ ምላሽ ነው። ሰውነት ይህን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው እስኪያሳክከው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። በእነዚያ ሳምንታት ግን ለሌላ ሰው ያስተላልፋል። ከዚህ በፊት ይዞት የሚያውቅ ሰው ድጋሚ ሲያዝ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጀምረዋል። ስለዚህ «እሱ ነጻ ነው» ብለሽ አትለፊው።

እስቲ የልጅሽን መዳፍና የውስጥ እግር እዪልኝ።

እንቅልፍ_ያጣች፦
አሁን በስልክ መብራት አየሁት። የውስጥ እግሩ ላይ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ ነገሮች አሉ። እኔ ደግሞ የእጄ አንጓ ላይ ጠመዝማዛ ቀጭን መስመር አገኘሁ። አንድ ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ሳክ በጥፍሬ የጫርኩት መስሎኝ ነበር።

የቆዳ_ክፍል_ነርስ፦
ያቺ መስመር ቦይዋ ራሷ ሳትሆን አትቀርም። ብዙ ሰው ሲያክ ስለሚያበላሻት ማግኘት ከባድ ነው። እኛ ስንጠራጠር ቦታውን ቀለም እንቀባና ወዲያው በአልኮል እንጠርገዋለን። ቦይ ካለ ቀለሙ ውስጡ ገብቶ መስመሩ ይታያል። ማጉያ መሣሪያ ያለው ሐኪም ደግሞ በመስመሩ ጫፍ ላይ ተባይዋን እንደ ጥቁር ነጥብ ሊያያት ይችላል። ቆዳውን ፋቅ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ማየትም አለ። ግን ልብ በሉ፤ በተለመደው እከክ መላ ሰውነት ላይ የሚገኙት ተባዮች ከ10 እስከ 15 ቢሆኑ ነው። የተፋቀው ቦታ ላይ ላይገኙ ይችላሉ። ስለዚህ «ምርመራው ላይ አልታየም» ማለት «እከክ አይደለም» ማለት አይደለም።

ለልጅሽ የተሰጠው ቅባት ሃይድሮኮርቲዞን ወይም ቤታሜታዞን የሚል ከሆነ ስቴሮይድ ነው። ማሳከኩን ያበርዳል፤ ተባይዋን ግን አይነካም። የሽፍታውንም መልክ ስለሚያጠፋው ቀጥሎ የሚያየው ሐኪም ይቸገራል። ስትሄጂ ቅባቱን ይዘሽው ሂጂ።

ከሌሎች ጋር የሚምታታበት ሰው ብዙ ስለሆነ ይህን ልጨምር። ትኋን በብዛት የሚነክሰው በእንቅልፍ ጊዜ ያልተሸፈነ ቦታን ነው፤ ቦይ አይቆፍርም። ችፌ ክርንና ጉልበት መታጠፊያ ላይ ይበዛል፤ ብዙ ጊዜም ከልጅነት ጀምሮ የሚመላለስ ነው። ጭርት ጠርዙ ቅርፊት ያለው ክብ ይሠራል። እከክ ግን ወደ ተሸሸጉ ቦታዎች ይሄዳል። ጣት መሃል፣ ብብት፣ እምብርት ዙሪያ፣ መቀመጫ። ወንዶች ላይ ብልታቸው ላይ የሚወጣ የሚያሳክክ ጠጠር ያለ እብጠት ትልቅ ምልክት ነው። በአዋቂ ሰው ፊትና ራስ ላይ አይለመድም። ሕፃናት ላይ ግን ራስ ቆዳቸውን፣ ፊታቸውን፣ መዳፋቸውንና የውስጥ እግራቸውን ይይዛል።

የታከከው ቦታ መግል ከቋጠረ፣ ቢጫ ቅርፊት ከሠራ ወይም ልጁ ካተኮሰው ነገ ዛሬ አትበሉ። በጥፍር የተከፈተ ቆዳ ለባክቴሪያ በር ነው። ከእነዚህ ባክቴሪያዎች አንዱ ስትሬፕቶኮከስ ነው፤ ቆይቶ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። የልጅ ፊት ጠዋት አብጦ ከተነሳ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ሦስቴ_የሞከርኩ፦
እኔ እንደ እናንተ ባለሙያ አይደለሁም። ግን ስድስት ወር ሙሉ ከዚህ ነገር ጋር ታግያለሁ። የተሳሳትኩትን ሁሉ ልንገርሽ፤ ቢያንስ አንቺ አትድገሚው።

መጀመሪያ ፐርሜትሪን የሚባል የእከክ ቅባት ታዘዘልኝ። የሚያሳክከኝ ቦታ ላይ ብቻ ተቀባሁ። ለምን ሁሉንም ቦታ እንደምቀባ አልገባኝም ነበር። በሁለት ሳምንት ተመለሰ። ሁለተኛ ጊዜ መላ ሰውነቴን ተቀባሁ፤ ግን ከወንድሜ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እንተኛ ነበር። እሱ «እኔን አያሳክከኝም» አለና እምቢ አለ። እኔም አልጫንኩትም። ከወር በኋላ እሱን ጀመረው፤ ከዚያ መልሶ እኔን። ሦስተኛው ስህተት የባሰ ነበር። ማሳከኩ አልተወኝም ብዬ ለሐኪም ሳልነግር በየቀኑ መቀባት ጀመርኩ። ቆዳዬ ደርቆ ተሰነጣጠቀ፤ ያቃጥለኛል፣ ያሳክከኛል። እኔ ደግሞ ተባይዋ ናት እያልኩ የበለጠ እቀባለሁ። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም አየችኝና «እከክህ ከዳነ ቆይቷል፤ አሁን ያለብህ መድኃኒቱ ያመጣው የቆዳ መቆጣት ነው» አለችኝ። ማለስለሻ ቅባት ብቻ ሰጠችኝ። በአሥር ቀን ዳንኩ።

«እከክ የሰጠ ጌታ ጥፍር አይነሳም» ይባላል። እኔን ግን የጎዳኝ ጥፍሬ ነው። ጥፍራችሁን ቁረጡ፤ የልጁንም ጭምር።

መድኃኒት_ቀማሚ፦
ወንድሜ ይህን ስለጻፍክ አመሰግንሃለሁ። ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም። አሁን አቀባቡን በዝርዝር ልጻፈው፤ መድኃኒቱ አልሠራም የሚባለው ብዙ ጊዜ አቀባቡ ጎድሎ ነው።

በብዛት የሚታዘዘው 5 በመቶ ፐርሜትሪን ቅባት ነው። ማታ ከመኝታ በፊት ይቀባሉ። ታጥበው ከሆነ ሰውነት በደንብ ይድረቅ፤ ይቀዝቅዝም። ለአዋቂ ከአንገት በታች ያለው ቆዳ ሁሉ፣ ምንም ሳይቀር። ጣት መሃል፣ ጥፍር ስር፣ እምብርት ውስጥ፣ ብልት፣ በመቀመጫ መሃል፣ የውስጥ እግር። ጀርባን ሌላ ሰው ይቀባ። ለትንንሽ ልጆችና ለአዛውንቶች ራስና ፊትም ይጨመራል፤ ዓይንና አፍ ዙሪያ ግን አይነካም። ከ8 እስከ 14 ሰዓት ይቆይና ይታጠባል። በመካከል እጅ ከታጠባችሁ እጃችሁን እንደገና ቀቡ። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ ተባይዋ ደግሞ የምትወደው ቦታ እጅ ነው።

ከዚያ ከአንድ ሳምንት በኋላ ይደገማል። የመጀመሪያው ቅባት ያመለጡት እንቁላሎች ካሉ ተፈልፍለው ገና ሳይራቡ ሁለተኛው ይደርስባቸዋል። ደህና ሆንኩ ብላችሁ ሁለተኛውን እንዳትተዉት።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። በቤት ውስጥ የሚኖር ሁሉ፣ ያሳከከውም ያላሳከከውም፣ በአንድ ሌሊት ይቀባ። አብሮ የሚተኛ፣ ልጁን የምትይዝ ሞግዚት፣ የፍቅር ጓደኛ፣ ሁሉም። አንድ ሰው ከቀረ የቀራችሁት ሁላችሁም ናችሁ።

የሚዋጥም አለ፤ አይቨርሜክቲን ይባላል። በሰውነት ክብደት ተሰልቶ ይሰጣል። እሱም ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይደገማል። ለነፍሰ ጡርና ክብደቱ ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ አይታዘዝም። ለከብት የተሠራውን ማንም እንዳይወስድ እለምናችኋለሁ፤ መጠኑ ለሰው የተለካ አይደለም። ቤንዚል ቤንዞዌት የሚባለው የሚቀባ መድኃኒትም ይሠራል፤ ግን ያቃጥላል፤ ለልጆች ይቀጠናል። ስለዚህ በራሳችሁ አትጀምሩት።

ልምድ_ያለው፦
ይህን ሁሉ ምን አስፈለገ? እኛ ነጭ ጋዝ ተቀብተን ነው የዳንነው። አልጋው ላይ ደግሞ የትኋን መርጫ መንፋት ነው፤ ያልቃል።

የቆዳ_ክፍል_ነርስ፦
ወንድሜ፣ የራስህን ልምድ ነው የነገርከን፤ ይገባኛል። ግን እባክህ ይህን ለማንም አትምከር። በነጭ ጋዝ ቆዳው የተቃጠለ ልጅ በእጄ አክሜአለሁ። ልጆች ይተነፍሱታል፤ ሳንባቸውን ይጎዳል፤ እሳትም ይይዛል። የነፍሳት መርጫም ለቆዳ አይደለም፤ ለሚተኙበት አልጋም አይሆንም፤ ለእከክም አያስፈልግም። ከድሮዎቹ መድኃኒቶች እስካሁን ቦታ ያለው የድኝ ቅባት ነው።

አራስ_ነኝ፦
ስለ ድኝ ስላነሳሽ ነው። የስድስት ሳምንት ሕፃን አለኝ። የልጅቷ አክስት እከክ እንዳለባት ዛሬ ነገረችን፤ ስታቅፋት ነው የሰነበተችው። ምን ላድርግ? አጠባለሁም።

መድኃኒት_ቀማሚ፦
እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ። ከሁለት ወር በታች ላሉ ሕፃናት የተለመደው ከ5 እስከ 10 በመቶ የድኝ ቅባት ነው። ማታ ማታ ለሦስት ተከታታይ ቀን ይቀባል። ይሸታል፣ ልብስም ያበላሻል፤ ለትንሽ ሕፃን ግን የታመነ ነው። ነገር ግን ይህን በራስሽ አትጀምሪው፤ ሕፃኗን ሐኪም ይያት። አንቺ እያጠባሽ ፐርሜትሪን መቀባት ትችያለሽ። ከማጥባትሽ በፊት ጡትሽን አጥበሽ፣ ካጠባሽ በኋላ መልሰሽ ቀቢው። ሕፃኗ እጇን አፏ ውስጥ እንዳታስገባ ስስ ጓንት አድርጊላት።

እንቅልፍ_ያጣች፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ሌላ ሐኪም አየን፤ እከክ ነው ተባለ። ለሦስታችንም ፐርሜትሪን ታዘዘ። አሁን የጨነቀኝ ቤቱ ነው። ፍራሽ፣ ሶፋ፣ ምንጣፍ፣ የልጁ አሻንጉሊቶች። ሁሉንም ልጣለው?

ታሪክ_አንባቢ፦
ምንም አትጣዪ! በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ ሼፊልድ ከተማ ውስጥ ኬኔት ሜላንቢ የሚባል ተመራማሪ ይህንኑ ጥያቄ ፈትኖታል። ያኔ የወታደሮቹ ብርድ ልብስ ሁሉ ይቀቀል ነበር። እሱ ፈቃደኛ ሰዎችን እከክ የያዛቸው ወታደሮች በተኙበት ብርድ ልብስ ውስጥ ራቁታቸውን አስተኛቸው። የተያዙት በጣም ጥቂቶች ነበሩ። ዋናው መተላለፊያ አካል ከአካል መነካካት እንደሆነ ያሳየው ያ ሥራ ነው።

ሌላ ነገር ልጨምር፤ «ቤታችን ንጹሕ ነው፤ እንዴት ይይዘናል?» ስላልሽ። ጣሊያናዊው ቦኖሞ ይህችን ተባይ በማጉያ አይቶ የእከክ ምክንያት እሷ ናት ብሎ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1687 ነው። ሐኪሞች ግን ብዙዎቹ ከዚያ በኋላም ከ100 ዓመት በላይ «የተበላሸ ደም ነው» ሲሉ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1834 ሬኑቺ የሚባል የሕክምና ተማሪ ፓሪስ ውስጥ ተባይዋን በመርፌ ጫፍ አውጥቶ ፊታቸው እስኪያሳያቸው ድረስ። አሁንም ሰው በሽተኛውን ሲወቅስ ሳይ ያው የድሮው አስተሳሰብ እንዳልለቀቀን ይሰማኛል።

የቆዳ_ክፍል_ነርስ፦
ትክክል ነው። ከሰው ቆዳ ውጪ ተባይዋ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሦስት ቀን አታልፍም። ስለዚህ ያለፉት ሦስት ቀናት የለበሳችሁትን፣ አንሶላውን፣ ፎጣውን በፈላ ወይም በጣም በሞቀ ውኃ እጠቡ፤ ፀሐይ ላይ ወይም በሙቅ ማድረቂያ አድርቁ። መታጠብ የማይችለውን፣ እንደ አሻንጉሊትና ካፖርት ያለውን፣ በፌስታል አጥብቃችሁ አሥሩና አንድ ሳምንት አስቀምጡት። ሶፋና ምንጣፉን መጥረግ ይበቃል። ይህን ሁሉ በተቀባችሁ ማግስት ጠዋት አድርጉት። ጉልበታችሁን አቀባቡ ላይ አውሉት፤ እቃው ላይ አትለቁ።

እንቅልፍ_ያጣች፦
ትናንት ማታ ሦስታችንም ተቀባን። ባለቤቴ መጀመሪያ አንገራገረ፤ የ«ሦስቴ የሞከርኩ»ን ታሪክ አነበብኩለትና ያለ ቃል እጁን ዘረጋልኝ። ልጄ ካልሲ እጁ ላይ አድርጌለት ተኛ።

እንቅልፍ_ያጣች፦
ዘጠነኛ ቀን ነው። ሁለተኛውንም ተቀብተናል። ግን አሁንም ያሳክከኛል! ሌሊት ተነስቼ አለቀስኩ። አልሠራም ማለት ነው?

የቆዳ_ክፍል_ነርስ፦
አልሠራም ማለት አይደለም፤ ረጋ በዪ። የሞቱት ተባዮች፣ እንቁላላቸውና ኩሳቸው አሁንም ቆዳሽ ውስጥ ናቸው። ቆዳ ከስር ታድሶ ገፍቶ እስኪያወጣቸው ሰውነት መቆጣቱን አያቆምም። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ማሳከኩ ሊቀጥል ይችላል። ብብትና ብልት አካባቢ የቀሩ ጠጠር ያሉ እብጠቶች ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆያሉ። አሁን ማለስለሻ ቅባት፣ ማታ ሐኪም ያዘዘው የአለርጂ ክኒን፣ ተባይዋ ከሞተች በኋላ ደግሞ ስቴሮይዱም ሊረዳ ይችላል። ያኔ ያለ ጊዜው ስለመጣ ነው የጎዳው።

የምትጠብቂው ምልክት ማሳከኩን ሳይሆን አዲስ ነገርን ነው። አዲስ መስመር ካየሽ፣ አዲስ ቦታ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ ወይም ከአራት ሳምንት በኋላም ሳይቀንስ ከቀረ ተመልሰሽ ታዪ። ከዚያ በፊት ተጨማሪ አትቀቢ።

አባቴን_አስታማሚ፦
ይቅርታ፣ በመካከል ገባሁ። አባቴ ሰማንያ አልፏል፤ አልጋ ላይ ነው። እጁና እግሩ ላይ ወፍራም ግራጫ ቅርፊት ሠርቷል፤ ይረግፋል። ብዙ አያሳክከውም። ግን የሚያጥቡት ሁለት ሰዎች ባለፈው ሳምንት ማሳከክ ጀመራቸው። እርጅና ነው ያልነው ይሄ ይሆን?

የቆዳ_ክፍል_ነርስ፦
እባክዎ አባትዎን ዛሬ ሐኪም ይይልዎ። ቅርፊታም እከክ የሚባል ዓይነት አለ፤ የኖርዌይ እከክም ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1848 እዚያ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ላይ ስለተገለጸ ነው። የሰውነት መከላከያቸው በደከመ ሰዎችና በአዛውንቶች ላይ ይመጣል። በተለመደው እከክ አሥራ ምናምን ተባይ ነው ያልነው፤ በዚህኛው በሺዎች፣ አንዳንዴም በሚሊዮን ይቆጠራሉ። ከረገፈው ቅርፊትም ይተላለፋል። ስለዚህ እዚህ ላይ አንሶላና ወለሉ ቁም ነገር ነው። ሕክምናው የሚዋጠውንም የሚቀባውንም አንድ ላይ፣ ደጋግሞ መስጠት ነው። እስኪታዩ ድረስ የሚያጥቧቸው ጓንትና ረዥም እጅጌ ያድርጉ። እርስዎም አብረው ይታዩ።

የዶርም_ተማሪ፦
ይህን ሁሉ ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። ስድስት ሆነን ነው የምንተኛው። እኔ ወር ሆኖኛል፤ ለማንም አልተናገርኩም። ረዥም እጅጌ እለብሳለሁ። ትናንት ከጎኔ የሚተኛው ልጅ ሌሊት ሲያክ ሰማሁት። እኔ ነኝ ያስያዝኩት። እንዴት ብዬ ነው የምነግራቸው?

ሦስቴ_የሞከርኩ፦
ወንድሜ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።» ምናልባት አንተም ከእነሱ አንዱ ነው ያስያዘህ፤ ማን እንደጀመረው ማወቅ አይቻልም። ለወንድሜ በመጨረሻ ያልኩትን ልንገርህ። «እከክ ነው፤ ከንጽሕና ጋር አይገናኝም። አንተ ባያሳክክህም ሊኖርብህ ይችላል። ሁላችን አንድ ማታ ከተቀባን ያልቃል።» ይህንኑ በላቸው።

መድኃኒት_ቀማሚ፦
የዓለም ጤና ድርጅት እከክን ትኩረት ከተነፈጋቸው የቆላ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በማንኛውም ሰዓት ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰው ይዞት እንደሚገኝ ይገምታል። ብቻህን አይደለህም። የተማሪዎች ክሊኒክ ካለ ስድስታችሁም አብራችሁ ሂዱ። ከመጀመሪያው ቅባት ማግስት ክፍል መግባት ትችላላችሁ።

የዶርም_ተማሪ፦
ነገርኳቸው። ሦስቱ «እኔም አለብኝ» አሉ። ነገ አብረን እንሄዳለን።

እንቅልፍ_ያጣች፦
ከመጀመሪያው ቅባት አራተኛ ሳምንት ሆነ። የእጄ አንጓ ላይ የነበረችው መስመር ጠፍታለች። ባለቤቴን በሁለተኛው ሳምንት ትንሽ አሳከከው፤ ያኔ ነው እሱም ይዞት እንደነበር ያመነው። አሁን ተወው። ለልጄ መዋያ አስተማሪም ደውዬ ነገርኳት። ስደውል ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷ ግን አመሰገነችኝ፤ ሌሎች ሁለት እናቶችም ስለ ማሳከክ ጠይቀዋት ኖሯል።

ልጄ ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ተኛ። እኔ ግን ሦስት ጊዜ ተነስቼ አየሁት፤ ዝምታውን አላመንኩትም ነበር።